የጣውንቴ ወንበር

ሰኞ

ጎረቤታችን ጋሽ ፖስተኛ በራችን ላይ ቆመው ኮፍያቸውን በእጃቸው ሲያሽከረክሩ ነው ነገሩ የገባኝ። ደግ ወሬ የያዘ ሰው ኮፍያ አያሽከረክርም። ዓይናቸውን የጋረደውን ሞራ ሊያስገፍፉ ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሊሄዱ ነው። ተመልሰው እንደማይመጡም ሳይናገሩት ነገሩኝ።

ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ወደ ንግግር ሕክምናው የሚያመላልሱን እሳቸው ናቸው። የማመሰግንበት ቃል አጣሁና "መልካም መንገድ ያድርግልዎ" ብቻ አልኩ። እሳቸው ግን ባይሄዱም ከእንግዲህ መንዳት እንደማይችሉ አስረዱኝ። ባለፈው ሳምንት የመንገዱ መብራት ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀው ነው የተሻገሩት። እውነታቸውን ነው። አረንጓዴ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። መስማቱስ ደህና ነው፤ የጠፋው መናገሩ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከመስነፋቸው በላይ የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ቃሉን ያውቀዋል፣ ከፊቱ ያየዋል፤ ሊይዘው እጁን ሲሰድ ሌላ ቃል ይጨብጣል። ውሃ ሊል ጫማ ይላል። ከዚያ እኔ "ውሃ" እለዋለሁ። ከዚያ እሱ ዝም ይላል።

ሐኪሙ እነዚህን የመጀመሪያ ወራት እንዳታባክኑ ብሎናል። በምን እንደምንሄድ ግን አልነገረንም።

ረቡዕ

በአውቶቡስ ሞከርን። ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ ከኋላ ሰው ይገፋል። ወደቀ።

ምንም አልሆነም። ጉልበቱ ተላጠ እንጂ።

ሰው ሊያነሳው ተረባረበ። ያን ያህል ቁመት ያለው ሰው መሬት ላይ ሲዘረጋ ግን ማን ከየት እንደሚይዘው አያውቅም። አንዲት ሴት "ምስኪን፣ ቤቱ ቢቀመጥ አይሻለውም?" አለች ለጓደኛዋ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። መስማቱ ደህና ነው ብያለሁ።

ሳንደርስ ተመለስን።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ማተሚያ ቤቱ ደወለ። የንብ እርባታው መጽሐፍ እርማት የት ደረሰ ይላሉ። እየተገባደደ ነው አልኩ። አልተገባደደም። ትናንት ያረምኩትን ገጽ ዛሬ ደግሜ ሳርም ራሴን አገኘሁት፤ የገዛ እርማቴን ነው መልሼ የማርመው። እንቅልፍ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

አንድ ሐሳብ መጥቶብኛል። እዚህ እንኳ ለመጻፍ ፈራሁት።

ሐሙስ፣ አመሻሽ

ሐሳቤ ጣውንቴ ናት።

ጣውንቴ የምላት ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት የስፖርት መኪናው ናት። ልጃችን ሳትወለድ ጀምሮ አለች። ስትገዛ ጎኗ ተጨርምቶ ነበር፤ እሱ ከቅየሳ ሥራው እየተመለሰ እሁድ እሁድን ከሥሯ ተኝቶ ነው ሰው ያደረጋት። ስሙን ያወጣሁላት አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ጠርቼ ጠርቼ ሲደክመኝ ነው። "በል እንግዲህ ከጣውንቴ ጋር ብላ" ብዬ ሳህኑን ኮፈኗ ላይ አስቀምጬለት ገባሁ። በላው ደግሞ። ሳህኑን ሲመልስ "እሷ ጠግቤያለሁ ብላለች" አለኝ።

መንጃ ፈቃድ አለኝ። ልጃችንን ትምህርት ቤት ያመላለስኩት እኔ ነኝ፣ በትንሿ መኪና፤ እሷን ከሸጥናት ቆየ። ጣውንቴን ግን ነድቻት አላውቅም። አልከለከለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የሰው ሚስት አትጠየቅም።

ዛሬ እሱ ጋደም ሲል ቁልፉን ይዤ ወደ መኪና ቤቱ ወረድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ የሱን እግር ልክ ይዞ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ሄዷል፤ ለኔ ፍሬኑ ጎረቤት አገር ነው። ወንበሩ በሞተር የሚሄድ ነው። ከጎኑ ያለውን ማብሪያ ወደ ፊት ስገፋው ከሥሬ ጉርር አለ፣ በግራ በኩል ትንሽ ነቅነቅ አለ፣ ከዚያ ጥርስ የማፋጨት ድምፅ፣ ከዚያ ዝም። ደገምኩ። ያው።

ትራስ አምጥቼ ከጀርባዬ ደረደርኩ። የሶፋውን ትልቁን ስጨምር እግሬ ደረሰ። መሪውን ስጠመዝዝ ግን ከነትራሶቼ አብሬ ተጠመዘዝኩ። እንዲህ ሆኖ መንገድ መውጣት ሰው መግደል ነው።

ቀና ስል እሱ ከዘራውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ እንጃ።

"ተይው" አለ።

ጥርት ያለ ቃል። ከሰሞኑ ሁሉ የጠራው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ

መካኒኩ መጥቶ አየ። ወንበሩ ከወለሉ ጋር በብሎኖች ታስሯል፤ የፊተኞቹ የሚፈቱት ወንበሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው፣ የኋለኞቹ የሚፈቱት ደግሞ ወደ ፊት ሲመጣ። ወደ ፊት አልመጣም ስላለ የኋለኞቹ አይገኙም። መለዋወጫ ዕቃውም መመረት ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ የሚሠራው የለም። መቁረጥ ነው አለኝ። በመቁረጫ ቆርጦ አውጥቶ፣ ከሌላ መኪና በእጅ የሚገፋ ተራ ወንበር መበየድ።

ባለቤቴ ከዘራውን ወለሉ ላይ መታው። መካኒኩ ዘወር ብሎ አላየውም፤ ሲናገር የነበረው ለኔ ነው፣ እሱ እዚያ እንደሌለ። እኔስ? እኔም ስመልስ የነበረው እሱ እንደሌለ ሆኜ ነው።

መካኒኩ ሲወጣ በር ላይ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "መኪናዋማ ቆንጆ ናት። ግን ለማን ብለው ነው የሚያስቀምጧት? ሰውየው እንደሁ…"

የቀረውን አልሰማሁም።

ሰምቼዋለሁ። እዚህ አይጻፍም።

እሁድ

ልጄ ደወለች። "ሽጧት፣ እማዬ። ከዚያ እኔ ጋ ኑ" ትላለች። የምትኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ባሏ፣ መንትዮቿ። አባቷ እዚያ የት እግሩን ይዘረጋል? ድምፅሽ ደክሟል አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። አባዬን አገናኚኝ አለች፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ብዙ አወራችው። እሱ በመጨረሻ "ሐሙስ" አላት። ምን ለማለት እንደሆነ እንጃ። ዛሬ እሁድ ነው አልኩት።

ለምን እላለሁ?

ሰኞ

ቆርጬ ተነሳሁ። ወንበሩን ሳይሆን ልቤን።

የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ የሱ ጣት አሻራ በግራሶ የታተመበት። እንደ ሥራዬ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። የተረጎመው ሰው ጉድ ነው። አንዱ ሥዕል ላይ ግራና ቀኙን አቀያይሮታል፤ አረምኩለት። "ወንበሩ ካልተንቀሳቀሰ ወንበሩን ወደ ፊት አንቀሳቅሰው ብሎኖቹን ይፍቱ" የሚለው ላይ ስደርስ እርሳሴን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። ይሄ በእርማት የሚድን አይደለም።

ሆኖም ዋናው ነገር ገብቶኛል። ከወንበሩ ሥር መሃል ላይ ሞተር አለ። ከሞተሩ በግራና በቀኝ ሁለት ተጣጣፊ ገመዶች ይወጣሉ፤ ውስጣቸው የብረት ሽቦ፣ ላያቸው የጎማ ሽፋን። ሞተሩ ሲዞር ገመዶቹ ይዞራሉ፣ በሁለቱም ሐዲድ ላይ ያሉትን ጥርሶች ያዞራሉ፣ ወንበሩ ይሄዳል። አንዱ ገመድ ሠርቶ ሌላው ካልሠራ ወንበሩ አንድ ትከሻው ቀድሞ ይጣመምና ይነክሳል። እንደኛው ነው። አንዱ ወገን ይሄዳል፣ አንዱ ወገን ይቀራል።

ማክሰኞ

ወለሉ ላይ በደረቴ ተኛሁ። ባትሪ በአፌ፣ መነጽሬ ግንባሬ ላይ። ልጄ ብታየኝ ሐኪም ትጠራ ነበር።

እሱ ወንበር ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠ። ተይው አላለም። መጀመሪያ ከዘራውን አንስቶ ኮፈኑን ጠቆመ፤ ካልሄድኩ አልተወኝም። የመኪናውን ባትሪ ገመድ እንድፈታ ነው፣ ኤሌክትሪኩ እንዳይነካኝ። መመሪያውም ይላል፤ እኔ ዘልዬው ነበር።

ከሞተሩ ጋር ገመዶቹን የያዘ ስስ ብረት አለ፣ በካቻቪቴ ላነሳው ስታገል እያንሸራተተኝ እጄን ቧጠጠኝ። እሱ ከበስተኋላዬ "ማንኪያ" አለ። "ማንኪያ" አለ ደግሞ፣ ጠንከር አድርጎ።

"መፍቻ ለማለት ነው? የትኛው መፍቻ?" አልኩት፣ ከነድካሜ።

ከወንበሩ ሥር ስወጣ ሄዷል።

ሁለቱንም ገመዶች አወጣኋቸው በመጨረሻ። በምን መሰላችሁ? የወጥ ቤት ማንኪያ ዘንግ ገብቶ ቀና ሲያደርገው ነው ብረቱ የተነሳው። ለማን ነው "መሰላችሁ" የምለው? እዚህ ሌላ ሰው የለም። ገመዶቹን የሥራ ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ አስቀመጥኳቸው፣ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ።

ማንኪያ ነበር ያለው። ማንኪያ ማለቱ ነበር።

ረቡዕ

ጋሽ ፖስተኛ አልነዳም ያሉትን ትተው ለመጨረሻ ጊዜ አደረሱን። በየመብራቱ እነግራቸዋለሁ።

የንግግር አስተማሪዋ ገና ወጣት ናት፣ የልጄ ታናሽ ትሆናለች። እሱ ሥዕል እያየ ሲጠራ እኔ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ዛሬ ሲያልቅ ለብቻዬ ጠራችኝና፣ ደግ በሆነ ቃል፣ እሱ መልስ ሊሰጥ ሲል የኔ ከንፈር እንደሚንቀሳቀስ ነገረችኝ። "እሱ የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን የእርስዎን ከንፈር ነው" አለች። ቢሳሳትም ይጨርሰው፤ የተሳሳተው ቃል ወደ ትክክለኛው የሚወስድ ድልድይ ነው አለችኝ።

አርሜው አላውቅም ልላት ነበር። ሥራዬ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ አፈርኩ።

ሐሙስ

የቀኙ ገመድ የለም።

ጨርቁ አለ፣ ግራው ገመድ አለ፣ ቀኙ የለም። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጎማዎቹ ኋላ፣ ከቆሻሻው ውስጥ ፈለግኩ። ድመት ይሆናል፤ የጎረቤት ድመት በመስኮት ትገባለች። ባለቤቴን አየኸው ወይ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ አላየሁም ዓይነት።

ዕቃው እንደሆነ የሚሠራው የለም ተብሏል። ድመት ገመድ ምን ያደርግላታል?

ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። የሱ የቤት ካፖርት ኪስ ላይ የግራሶ እድፍ አለ፣ ረዘም ያለ። መኪናው ላይ ተደግፎ ይሆናል። በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። አልለቀቀም።

ማተሚያ ቤቱ ደወለ። አላነሳሁም።

ሰኞ

እራቱን አልነካም። ካፖርቱ ደርቆ እንደመለስኩለት ለብሶታል፣ በዚህ ሙቀት። በጤነኛው እጁ ኪሱን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ዛሬ አልቻልኩም፤ ጮኼ ሳይሆን ሳህን በኃይል አስቀምጬ ነው የተናገርኩት። "እኔ ለራሴ መንሸራሸሪያ መሰለህ? አንተን ላደርስህ እኮ ነው" አልኩት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን አጠብኩ።

ድመትም የለችም። አውቄ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ።

ማክሰኞ

ይሄን ሳይረሳኝ ልጽፈው።

ከሰዓት እርማቴን ይዤ ተቀምጬ፣ ቤቱ ጸጥ ማለቱ ገረመኝ። መኝታ ቤት የለም፣ መስኮቱ ጋ የለም። ደረጃውን ብቻውን ወርዷል። እርሳሴን እንደያዝኩ ወረድኩ።

ጣውንቴ ውስጥ ነው። ከመሪው ኋላ። ከታመመ ወዲህ ገብቶባት አያውቅም፤ እንዴት አድርጎ ዝቅ ብሎ እንደገባ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ጀርባው ወንበሩን ሞልቶታል፣ ጉልበቱ ልክ በቦታው ነው። ግራ እጁ መሪው ላይ፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ተኛ። ዝቅ ብሎ እግሩን ያያል። ቀኝ እግሩ ፍሬኑን ለመርገጥ ይነሳና፣ ጎን ሄዶ ይወድቃል። ይነሳል፣ ይወድቃል።

ዞሬ በሌላው በር ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስንት ዘመን የተቀመጥኩበት ቦታዬ ነው። ሁለታችንም ወደ ፊት አየን። ከፊታችን ግድግዳና የተሰቀለ መጥረጊያ ብቻ ነው ያለው።

"የኔ" አለ። ቆየ። "የኔ ሜዳ።"

ሜዳ አይደለም ቃሉ። ከንፈሬን በጥርሴ ያዝኩት።

"ሜዳህ ነው" አልኩ።

ወንበሩን በመዳፉ ዳበሰው። "ከሄደ" አለ፣ ወደ ፊት እየጠቆመ። ቃሉን ፈለገው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እኔ ቃሉን አውቄው ነበር፣ ምላሴ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። "ከሄደ… አይመጣም።"

እኔ ወንበር ስጠግን የነበርኩ መስሎኝ ነበር። ለሱ ግን እኔ እግሩን ከዚያ መኪና ለዘላለም እያወጣሁ ነበር። አንዴ ወደኔ ከመጣ፣ ወንበሩ የሱን ልክ ይረሳዋል፤ ከዚያ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ እንደገና ይነዳል ብሎ አይጠብቅም።

ይነዳል ልለው አልቻልኩም። አላውቅማ። ውሸት ደግሞ እሱ ጋ አያልፍም። "ማብሪያው እኮ በሁለቱም በኩል ነው የሚገፋው" አልኩት። "ስንነዳ ወደኔ ይመጣል። ስንመለስ ወደ አንተ እመልሰዋለሁ። ሁልጊዜ። እዚህ ስትቀመጥ የምታገኘው እንደተውከው ነው።"

ማብሪያውን በጣቱ ነካ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ገመዱን አወጣው። በሕፃን መሃረብ ነው የጠቀለለው፣ ከልጃችን ዘመን የቀረ፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ። ጭኔ ላይ አኖረው።

ፊቱን ሳየው አልቅሷል። እኔም። ግድግዳው ላይ ያለውን መጥረጊያ እያየን ትንሽ ተቀመጥን።

ረቡዕ

ገመዱን በብርሃን አየነው። የውስጡ ሽቦ ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ነው ጥርሱ ውስጥ የሚገባው፤ የዚህኛው ጫፉ ተበልቶ ክብ ሊሆን ደርሷል። ለዚህ ነው የሚሽከረከረው ሳይዝ። እንግዲህ አለቀልን አልኩ።

እሱ "እጅጌ" አለ።

ቆይ ልጻፈው እንደሆነው። "እጅጌ። አሳጥሪ።" አለ። የካፖርቱን እጅጌ አየሁ፤ እውነትም ረዝሞበታል፣ ከስቷል። መቀስና መርፌ አምጥቼ እጅጌውን ልለካ ስል ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ይሄ መጀመሪያው ነው። ራሱን እየነቀነቀ ይስቃል፣ እኔ መቀስ ይዤ ቆሜያለሁ።

ከዚያ እጅጌውን በግራ እጁ ወደ ክርኑ ሳበው። ቀኝ እጁ ከእጅጌው እየረዘመ ወጣ። ገመዱን አየ። እንደገና እጅጌውን ሳበ።

የጎማው ሽፋን! የገመዱ እጅጌ እሱ ነው። ሽፋኑ ካጠረ የውስጡ ሽቦ ወደ ውጭ ይረዝማል፣ ከተበላው ጫፍ አልፎ ያልተበላው ወገን ጥርሱ ውስጥ ይገባል። ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

"ሽፋኑን" ልል አፌን ከፈትኩ። "እጅጌውን ላሳጥረው?" አልኩት።

"እጅጌውን" አለ።

በልብስ መቀስ ቆረጥኩት፣ ጥፍር የማይሞላ። እሱ ያዘ፣ እኔ ቆረጥኩ። ጫፎቹን ዘይት ቀባናቸው። እርማቴም እንዳለ ተቀምጧል፤ ንቦቹ ይታገሡኝ።

አርብ

የተጣመመውን ወንበር መጀመሪያ ማቃናት ነበረብን። ቀኝ ጎኑ ከግራው ወደ ኋላ ቀርቷል። ሽቦውን አንድ ጫፉን ጥርሱ ውስጥ፣ ሌላውን መሰርሰሪያው ትራፓኖ ውስጥ አስገባን፤ ትራፓኖው ሲዞር ወንበሩ ይሄዳል ነው ነገሩ። እኔ ከሥር ሽቦውን እንዳይታጠፍ ያዝኩ። እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ፣ ትራፓኖውን በግራ እጁ ያዘ። ቀስ እያለ ጫን፣ ለቀቅ። ጫን፣ ለቀቅ። ወንበሩ አቃሰተ፣ ከዚያ ተንቀሳቀሰ።

በማስመሪያ ለካሁና ተስተካክሏል አልኩ። እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በድሮው የቀያሽ ዓይኑ አየ። "ፀጉር" አለ። ፀጉር ታህል ቀርታለች። ለቀቅ ጫን አደረጋት። መመሪያው ላይ እንዲህ ያለ ልኬት የለም።

ሐዲዱን በጥርስ ብሩሽ ጠረግን። አሮጌው ግራሶ እንደ ሰም ደርቋል። ከሥሩ የወጣው ጉድ! ሁለት የጸጉር ማስያዣዬ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ እና ጠፋብኝ ብዬ እሱን ለአንድ ክረምት የወቀስኩበት የጆሮ ጌጤ አንዱ ወገን። አነሳውና አየኝ። ቃል አላስፈለገውም።

ገመዶቹን መለስን፣ ባትሪውን አሰርን። ግራሶ በተቀባ ጣቴ ማብሪያውን ገፋሁ። ጉርርር አለ፣ ሁለቱም ትከሻው እኩል፣ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ዝግ ብሎ ወደ ፊት መጣ። ዝም ብሎ መጣ። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ፍሬኑ ላይ አረፈ።

እሱ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ አየኝ። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ወዲያው ወጥቼ ማብሪያውን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ እስከ መጨረሻው። ደግፌ አስነሳሁትና በቦታው አስገባሁት። ጉልበቱን ለካ። ራሱን ነቀነቀ፣ አዎን ዓይነት።

እጃችንን በአንድ ሳሙና ታጠብን። ሁለታችንም የደከመን ሰዎች ነን። ደክሞኛል፤ ይኸው ጻፍኩት።

እሁድ

ሰው በማይበዛበት ጠዋት ሰፈሩን ዞርን። ጣውንቴ ጠንካራ ናት፤ ፍሪሲዮኗ ሲረገጥ እግር ያዝላል፣ ነዳጅ በትንሹ ሲነኳት ትዘላለች። ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ፣ አንዴ መታጠፊያው መሃል። ከኋላ ጡሩምባ ነፉብን። እሱ ግራ እጁን አሻግሮ በመስኮት አውጥቶ ታገሡ ዓይነት አወዛወዘላቸው፣ እንደ ሹም።

ረቡዕ

ቀጠሮ ነበረን። ሸሚዙን ራሱ ልልበስ ብሎ ለበሰ፤ ቁልፎቹን አንድ ዘልሎ ነው የቆለፋቸው። እንዲሁ ወጣን።

መንገዱን የሚያሳየኝ እሱ ነው ብለን ተስማማን። ይችን ከተማ ያልቀየሰው መንገድ የለም፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ጋሽ ፖስተኛ የሚሄዱበትን ብቻ ነው፣ እሱም በመብራት መብራቱ። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ "ግራ" አለ። ታጠፍኩ። እሱ ግን እጁ ወደ ቀኝ ነበር የጠቆመው፤ እኔ አፉን ሰምቼ እጁን አላየሁም። ሲገባን ከከተማው ወጥተናል፣ ከፊታችን ሰፊ መንገድ፣ በሁለቱም ወገን ዝናብ ያጠገበው ሣር።

መመለሻ እስክናገኝ ብዙ ሄድን። ጣውንቴ ሰፊ መንገድ ስታገኝ ድምጿ ይለወጣል፤ አላውቅም ነበር። ረገጥኩት። ትንሽ ነው የረገጥኩት። እሱ ፊቱን ወደኔ አዙሮ እጄን፣ ማርሹን፣ እግሬን ያያል። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

ጥላ ያለበት ጥግ አግኝቼ ለማዞር ቆምኩ። ቀጠሮው እያለፈ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጅህን ማየት ነበረብኝ እያልኩ ስለፈልፍ ክንዴን ያዘኝ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ጠበቅኩ። ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

"አንቺ ንጂ" አለ። "እኔ ልሳሳት።"

ዓረፍተ ነገር ነው። ከነግሱ፣ ከነሁሉ። አንድም የሚነካ የለውም።

አዙሬ ነዳሁ። ስንደርስ የንግግር አስተማሪዋ በር ላይ ቆማ መንገድ መንገድ ታያለች። ከዚያች ዝቅ ካለች ቀይ መኪና ስንወጣ፣ እኔ በአንዱ በር፣ እሱ ከዘራውን አስቀድሞ በሌላው፣ አፏን በእጇ ያዘች። ምነው ዘገያችሁ፣ ምን ሆናችሁ አለች። ልመልስላት ዞር ስል እሱ ቀድሞኛል። ሸሚዙን በግራ እጁ ሳብ አድርጎ አስተካክሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ጠፋን" አላት፣ ከሩቅ አገር ደህና ደረስን በሚል ሰው ድምፅ።